ግራፊክስ ለጂኦግራፊ

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ኮፒ ቤት አለኝ። ሲቪ እተይባለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የቤት ኪራይ ውል አትማለሁ። በሰፈራችን ደግሞ ኪቦርድ የነካ ሁሉ የኮምፒውተር ዐዋቂ ነው። ስለዚህ ዲሽ ሲንሸራተትም፣ የመብራት ካርድ አልሞላም ሲልም የምጠራው እኔ ነኝ። አንዴማ ወፍጮ ቤት ድረስ ተጠርቼ ሄጃለሁ። ዞር ዞር ብዬ አይቼ፣ ከንፈሬን መጥጬ፣ "ሲስተሙ ነው" አልኳቸው። አመሰገኑኝ።

የእህቴ ልጅ የጌም ኮምፒውተር ሊያስገጥም ሲነሣ መጀመሪያ እኔ ዘንድ የመጣው በዚሁ ዝናዬ ነው። የዕቃውን ዝርዝር በደብተር ወረቀት ጽፎ ይዟል። ገንዘቡ የት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሪያድ፣ ታናሽ እህታችን ዘንድ። የቤታችን ቆርቆሮም፣ ፍሪጁም፣ የእናታችን መነጽርም የመጣው ከዚያው ነው። ችግሩ "ጌም" የሚባል ቃል ባሕር አይሻገርም። "ለትምህርት" ከተባለ ይሻገራል። እኛ ዘንድ ለትምህርት ተብሎ ያልተገዛ ምን አለ? ስልኩ ለትምህርት ነው፣ ዋይፋዩ ለትምህርት ነው። አንድ ጎረቤታችን ለልጁ ሞተር ሳይክል የገዛው "ትምህርት ቤት ይሂድበት" ብሎ ነበር፤ ልጁ አሁን በሞተሩ ሰው እያመላለሰ ነው፣ ትምህርት ቤቱንም በሩቁ ያልፈዋል።

እኔም እጄ የለመደውን አደረግሁ። "ለ፦ ለተከበሩ እህታችን፣ ካሉበት። ጉዳዩ፦ ለትምህርት መርጃ የሚሆን ኮምፒውተር እንዲገዛልን ስለመጠየቅ።" ከሥር ዝርዝሩን ከነጥቅሙ ደረደርኩ። ፕሮሰሰር፣ ለሒሳብ። ራም፣ ለቃል ጥናት። ኤስኤስዲ፣ ለማስታወሻ። የጌሙን ምስል የሚሥለው ግራፊክስ ካርድ ላይ ስንደርስ ቆምን፤ ዋጋው ከሁሉም የከበደው እሱ ነዋ።

"ይኼ ለምን ይጠቅማል እንበል?"

"ለጂኦግራፊ" አለ ልጁ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ጻፍኩት። በሥራ ዘመኔ ብዙ ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ ከሥረ መሠረቱ ከርዕሱ ጋር እንዲህ ግጥም የሚል ምክንያት ግን አላጋጠመኝም።

ወሎ ላይ ግን ያለ ቡና የሚጸድቅ በጀት የለም። እሑድ ከሰዓት እህቴ ቤት ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ ተሰበሰብን። ጎረቤታችን ሐጂ አሉ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሻን የሆነው አማቻችን ሐረጎን ወጥቶ መጥቷል። እህታችን ከሪያድ በኢሞ የምትደውለው አሥር ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ዝርዝሩ ላይ አንድ ቃል እንሁን ተባለ።

"ዋናው ሶኬቱ ነው" ብሎ ጀመረ ልጁ።

"ለሶኬትማ ምን ችግር አለ?" አለች እህቴ ጀበናውን ሳትለቅ። "ያው ከቲቪው ጀርባ ሁለት አለ። ካነሰም ማከፋፈያ እንጨምራለን።"

ልጁ ትንፋሹን ውጦ አስረዳ። ይኼኛው ሶኬት ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ማለትም ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ ላይ የሚቀመጥበት ነው። ፕሮሰሰር ሠሪው ኤኤምዲ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤኤም 4 የሚባል ሶኬት አለ፤ 1,331 ቀዳዳ አለው፣ ፕሮሰሰሩ በዚያው ልክ እግር አብቅሎ ይገባበታል፣ የሚቀበለው የራም ዓይነት ዲዲአር 4 ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ኤኤም 5 መጣ። የዚህ መገናኛው 1,718 ነው፣ ከዲዲአር 5 በቀር ሌላ ራም አያስጠጋም። የአንዱ ፕሮሰሰር በሌላው አይቀመጥም። ራሙም ቢሆን የተሰነጠቀበት ቦታ ስለሚለያይ፣ ብትገፋው እምቢ ነው።

"እንግዲህ እናንተ ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ዘመድ ሲሆን ትተዋላችሁ" አሉ ሐጂ፣ "እሱ ደግሞ ዘመድ ካልሆነ አይጋባም።"

ልጁ የመረጠው በአሮጌው ሶኬት የሚገባውን ራይዘን 5 5600 ነው። ስድስት ኮር አለው፣ 65 ዋት ነው፤ ደግሞም ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር 4 ራም ሁለት ከጓደኛው ገዝቶ ትራሱ ሥር አስቀምጧል። አዲሱን ሶኬት ብንል ዲዲአር 5 ግድ ይሆናል። ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች የዓለምን ራም ስለሚሻሙት ዋጋው ተሰቅሏል። ይኼን ሲናገር ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። የነገር መወደድ እንደሆነ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ተለቆ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ ያየ ሰው በራም አይደነግጥም።

የኤሌክትሪሻኑ አማቻችን ጉዳይ ሌላ ነው። ሰውየው ፕሮሰሰርም ሆነ ራም ግድ አይሰጠውም፤ የሚያውቀው ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሳፕላይ ነው። "ኬዝ ስትገዛ በምርቃት ከሚሰጥህ ፓወር ሳፕላይ ይሰውርህ" አለ። "500 ዋት የሚል ወረቀት ማንም ይለጥፋል። አንተ በእጅህ አንሣው። በግ ስትገዛ ላቱን አንሥተህ አይደል የምትመዝነው? ቀለል ካለ መልስለት።" ሳቅን እንጂ እውነቱን ነው። ውስጡ ቁም ነገር ያለበት ይከብዳል። የግራፊክስ ካርዱ አምራችም ቢያንስ 550 ዋት ያዙ ይላል። ቀጠለና "መብራት ሲሄድ አይደለም ዕቃ የሚቃጠለው፣ ሲመጣ ነው" አለ። ስታቢላይዘር ወደ ዝርዝሩ የገባው ያለ ክርክር ነው። ስለ መብራት መሄድና መምጣት እዚህ ቤት ተማሪ የለም፣ ሁሉም ፕሮፌሰር ነው።

ጠቡ የተነሣው በማቀዝቀዣ ፋን ነው። እህቴ ዝርዝሩን ስታይ ዓይኗ እዚያ ላይ አረፈ። "ደሴ ላይ ማቀዝቀዣ? እኔ ሁለት ጋቢ ደርቤ አድሬ፣ እሱ ማቀዝቀዣ ይገዛለታል? መስኮቱን ከፈት አድርግለት፣ የጦሳ ነፋስ በነጻ ይገባለታል።" አማቻችን ኮምቦልቻ ከደሴ ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለችና ሙቀት እንዳላት አስታውሶ፣ ፋኑ ወደሱ ቤት ቢዞር ደስ እንደሚለው ተናገረ። ልጁ ግን መልስ ነበረው። ደሴ ያለችው ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ሳስቷል፣ ያው ፋን እየዞረ የሚገፋው አየር ያነሰ ነው። ብርዱ የሚሰጠንን ከፍታው መልሶ ይቀማናል ማለት ነው።

"እንደ ደሞዝ ጭማሪ" አሉ ሐጂ። ፋኑ በዚህ አለፈ።

ቶናው ሲቀዳ ወደ ጂኦግራፊው፣ ወደ ግራፊክስ ካርዱ መጣን። ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ያገለገለ አርቲኤክስ 3060፣ የራሱ ሜሞሪ 12 ጊጋ፣ 170 ዋት የሚበላ። ሁለተኛው አዲስ አርቲኤክስ 4060፣ ፈጠን ያለና በ115 ዋት የሚጠግብ፣ ግን 8 ጊጋ። ልጁ ልቡ ወደ አዲሱ ነው። ያገለገለውን የሚጠረጥረው ማይኒንግ ላይ ከርሞ እንዳይሆን ብሎ ነው።

"ማይኒንግ ምንድን ነው?"

"የማዕድን ቁፋሮ ነው" አልኩ እኔ፣ ከኮፒ ቤቴ እውቀት ላይ ቆንጥሬ።

"ደላንታ?" አሉ ሐጂ ቀና ብለው። "ኦፓል?"

ይኼን ማስረዳት ከባድ ነበር። ሰዎች በግራፊክስ ካርድ ቀንና ሌሊት ሒሳብ እያሠሩ የማይጨበጥ ገንዘብ ያመርቱ እንደነበር፣ ኢቴሪየም የሚባለው በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. በካርድ መመረቱን ሲያቆም ያ ሁሉ ካርድ ገበያ ላይ እንደፈሰሰ ነገርናቸው። ሐጂ በጥሞና አዳመጡ። "ያው አፈሩ በደንብ ይራገፍ" አሉ በመጨረሻ።

ስልኩ ጠራ። ልጁ ኮሌታውን አስተካከለ፣ እህቴ ነጠላዋን ሳብ አደረገች፣ እኔም ማመልከቻ እንዳስገባ ሰው እጄን አጣመርኩ።

"ወንድምጋሼ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል" አለች ከሰላምታው በኋላ። "ማኅተም ይጎድለዋል።"

"እሱማ..."

"ግራፊክስ ካርድ ለጂኦግራፊ ነው አልከኝ?"

"ልጁ እንደነገረኝ..."

"ልክ ነው። የማዳም ልጅም ጂኦግራፊ ይማራል። ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚማረው። ሲማር ይጮሃል፣ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ በማያውቀው ሰው እናት ይሳደባል። ክፍሉን የማጸዳው እኔ ነኝ፤ ኬዙ ባለ መስታወት ነው፣ ሰባት ፋን አለው፣ የሪያድ አቧራ ተጋግሮበት ሳምንት ሳምንት በብሩሽ እጠርገዋለሁ።"

ቤቱ ጸጥ አለ። ፍሙ ሲፈነዳ ይሰማ ነበር።

"ካርዱ ስንት ጊጋ ነው?" ስትል ልጁ መሬት መሬት ያያል።

"ስምንት ነው፣ አክስቴ።"

"ለስምንትማ አልልክም። ለዚህኛውም ስምንት ገዝታለት ሦስት ወር አልቅሶ አስለወጣት። ያገለገለ ባለ 12 የለም?"

"አለ... ግን ማይኒንግ..."

"ፋኑን በጣትህ አዙረው፤ ከተንገጫገጨ ተወው። የስክሪኑን ገመድ ደግሞ ግራፊክሱ ላይ ሰካ፣ ማዘርቦርዱ ላይ እንዳትሰካ። ፕሮሰሰሩ 5600 ነው አይደል የምትሉት? እሱ የራሱ ምስል የለውም፣ ጥቁር ሆኖ ይቀርብሃል። ማዳም ለዚህች ብቻ ቴክኒሻን ጠርታ 200 ሪያል ከፍላለች፤ ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነበርኩ፣ ስጠርግ።"

ሐጂ ስኒያቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። "ኮፒ ቤቱን መክፈት የነበረባት ይቺ ናት" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ።

እህቴ በረካውን እየቀዳች ነው። "ያረቢ፣ ጂኦግራፊ ብቻውን 12 ጊጋ ከሆነ፣" አለች፣ "ሒሳብማ ስንት ሊሆን ነው?"