የእቴጌ ምንትዋብ ሥዕል በመዳብ ሲቀረጽ

በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ያለው፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር የተደፉበት ሥዕል በመዳብ ተቀርጾ ቢታተም ጥሩ ነው ብላችኋል፤ እኔም እደግፋለሁ። ግን አደራ፣ መዳቡ ላይ የተቀረጸው ወረቀት ላይ ግራና ቀኙ ተቀያይሮ ነው የሚወጣው። ንድፉ አስቀድሞ በመስተዋት እንደሚታየው ካልተገለበጠ፣ በምስለ ፍቁር ወልዳ (እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትሣልበት ሥዕል) ልማድ በግራ ክንዷ የምታቅፈው ልጅ ወደ ቀኝ ይዞርባችኋል። ይሄ ለእኛ ትንሽ ስህተት አይደለም!

ሌላው ፊት ነው። የዚያ ዘመን የጎንደር ሰዓሊዎች ጉንጭን በለስላሳ ጥላ ያሞላሉ፤ ቀራጩ ግን ያለው መስመር ብቻ ነው። ቀጭን፣ ተራርቆ፣ የጉንጩን ክብነት ተከትሎ ይቅረጽ። መስመሩ ከተጠጋጋ ቀለም ይሞላውና ፊቱ ጥላሸት ይመስላል። ወረቀቱም ረጠብ ይበል፤ ደረቅ ወረቀት ከቀጭን መስመር ውስጥ ቀለም አያወጣም።