እባብ ያየ በልጥ በረየ

ባለፈው እሁድ ጎረቤት ቡና ጠርታን ተሰብስበን ነበር። የቤቱ እመቤት ዘጠኝ ወር የሞላውን ልጇን ታቅፋለች። በማግስቱ የኩፍኝ ክትባት ቀጠሮ አለው። አንድ ወዳጃችን ይህን ሲሰማ ዘሎ ገባ።

«ለምን ታስወጊዋለሽ? ታሞ ይጠንክር! እባብ ያየ በልጥ በረየ ሲባል አልሰማሽም? ሰውነት እባቡን ራሱን ማየት አለበት።»

ማስረጃ ሲባል እባብ፣ የሚሞቱት ልጆችስ ሲባል እባብ። ሌላ የያዘው ነገር አልነበረም።

ነርስ የሆነችው ጓደኛችን ስኒዋን አስቀመጠች። «ሰውነት ማስታወሱስ እውነት ነው» አለች። «ጀርም ሲገባ፣ ከነጭ የደም ሴሎች ልክ ለሱ የሚገጥሙት ጥቂት ናቸው። እስኪባዙ ቀናት ይፈጃል። በሽታው ሲያልፍ አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ የቀሩት ግን ጠላታቸውን ሳይረሱ ዓመታት ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1846 ሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያሉት ፋሮ ደሴቶች ኩፍኝ ገብቶ ነበር። ፓኑም የሚባል የዴንማርክ ሐኪም ሄዶ ሲያይ፣ ከ65 ዓመት በፊት ታመው ከነበሩት ሽማግሌዎች አንድም የተያዘ የለም።»

«ይኸው! እባብ ያየ በልጥ በረየ!» አለ ወዳጃችን፣ ያሸነፈ መስሎት።

«ቆይ። በዚያው ወረርሽኝ 8,000 ከማይሞላው ሕዝብ 6,000 ያህሉ አልጋ ላይ ወደቀ። ደግሞ ኩፍኝ ሌላ ጠባይ አለው። እነዚያኑ የሚያስታውሱትን ሴሎች ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት፣ ያልተከተቡ ልጆች ኩፍኝ ይዟቸው ሲድኑ፣ በሌሎች በሽታዎች ላይ ከነበራቸው ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ጀርም ከሚዋጋው የደም ፕሮቲን፣ ከ11 እስከ 73 በመቶ አጥተው አገኘ።»

እኔን ያንገበገበኝ እዚህ ጋ ነው። ተረቱ ቢገለበጥ ለክትባት ነው የሚሆነው! የተዳከመው ቫይረስ ልጡ ነው። ሰውነት ልጡን አይቶ ይበረግጋል፣ ይማራል፣ እባቡ ሲመጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። በዘጠኝ ወር አንድ፣ በ15 ወር ሌላ፣ በቃ። ሕፃን ልጅ እባብ ጉድጓድ ውስጥ እጁን ካልከተተ አይማርም የሚል ምን ዓይነት ዘመድ ነው? ወዳጃችን እጅጌውን ቢሰበስብ የልጅነት ክትባቱ ጠባሳ ክንዱ ላይ አለ። እናቱ አስከትባዋለች።

ዘመናችን እንዲህ ሆነ። አያቴ ሁለት ልጆች በኩፍኝ ቀብራለች፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ። ስማቸውን ስትጠራ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስብ ነበር። እንደሷ ያሉ እናቶች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ፤ ቁጭ ብሎ የሚጠይቃቸው ግን የለም። ስልኩ ላይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ያየ ሰው ግን ቡና ላይ ሐኪም ይሆናል፣ እኛም አፋችንን ከፍተን እንሰማዋለን።