የተኛን ሰው ማገላበጥም ሙያ ነው

እናቴ በስትሮክ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ከሆስፒታል ስትወጣ የተሰጠን የመድኃኒት ማዘዣና የቀጠሮ ካርድ ነበር። ቤት ስንደርስ እንዴት እንደምናገላብጣት፣ እንዴት እንደምናጎርሳት የነገረን ሰው የለም። እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ደላላ ጠራን። በማግስቱ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ይዞ መጣ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ተያዥ አላት?»

ይህ ጥያቄ ዛሬም ያንገበግበኛል። ተያዥ የሚጠራው ዕቃ ሲጠፋ ነው። ለቤቱ ዕቃ ዋስ ስፈልግ ለእናቴ ገላ ዋስ አልፈለግሁም።

ልጅቷ ደግ ናት። «እማማ» እያለች ፀጉሯን ትሠራታለች፣ እግሯን ቅባት ትቀባታለች። በሦስተኛው ሳምንት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ታላቅ እህቴ በቪዲዮ ደወለች። የእሷም እንጀራ ይኸው ነው፤ አዛውንቶችን በየቤታቸው ታስታምማለች። ሰላምታው ሳያልቅ «ጀርባዋን አሳዪኝ» አለችኝ። ገልጬ አሳየኋት፤ እኔ ምንም አላየሁም። «በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ጎልቶ አይታይም። ከወገቧ ዝቅ ብሎ አጥንቱ ላይ እጅሽን አድርጊ። ከሌላው ገላዋ ይሞቃል? ይጠነክራል?» አለች። ይሞቃል። ይጠነክራልም። የአልጋ ቁስል እየጀመራት ነበር። ለካስ ልጅቷ «እማማ እንቅልፍ ወስዷቸዋል» እያለች እንዳትቀሰቅሳት ስትሳሳላት፣ እናቴ ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ጎን ታድር ነበር። አጥሚቱንም እንደተጋደመች ነበር የምታጠጣት። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ስለሚቸግረው፣ ቀና ብሎ ካልተቀመጠ የሚጠጣው ወደ ሳንባው ሊገባና የሳንባ ምች ሊያመጣበት እንደሚችል ማንም አላስተማራትም። እኔም አላውቅም ነበር።

እህቴ ያወቀችው ተምራ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሜዲኬርን፣ ማለትም በዋናነት ለአዛውንቶች የተዘጋጀውን የመንግሥት የጤና መድን፣ ክፍያ በሚቀበል ድርጅት ሥር ሰው ቤት ገብቶ ለማስታመም ቢያንስ 75 ሰዓት መሠልጠን ግዴታ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 16ቱ ሰዓት በተግባር የሚሰጥ ነው። በየዓመቱ ደግሞ የ12 ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠና አለ። በሽተኛው የነርስ ሕክምና የሚያስፈልገው ከሆነ ነርስ ቢያንስ በየ14 ቀኑ ቤቱ ድረስ መጥታ እንክብካቤውን ትመለከታለች። እዚያም ቢሆን በደልና ቸልተኝነት ጨርሶ ጠፍቷል አልልም፤ ነገር ግን ጥፋት ሲደርስ ጥፋት መሆኑን የሚለይ መለኪያ አለ።

ይህን ሳነሳ «አሜሪካ ሀብታም ነው» የሚሉኝ አሉ። እንግዲያው የራሳችንን ሕግ እንይ። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ዜጋ በሚሠማራበት ሙያ የብቃት ምስክር ወረቀት እንዲይዝ ደንግጓል። እንግዲህ ሪያድ ሄዳ የሰው ቤት የምትሠራ ልጃችን ተመዝና መሄድ አለባት። እዚሁ ኮተቤ ወይም ሳሪስ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ቤት የምትገባው ልጅ ግን የሚመዝናት የለም። የሌላ አገር ሰው ቤት የሚጠየቀውን ብቃት የገዛ እናቶቻችን አልጋ አጠገብ የማንጠይቅበት ምክንያት ምንድን ነው? እኔ በቂ ምክንያት አላገኘሁም።

ቤት ለቤት ነርስ እንልካለን የሚሉ ድርጅቶች ማስታወቂያ በቴሌግራምም በፌስቡክም ሞልቷል። ለእናቴ ተመላላሽ ነርስ ስፈልግ ወደ አንዱ ደወልኩ። የላኳት ልጅ ጓንት አልያዘችም፤ የደም ግፊቷን ለክታ ቁጥሩን የትም ሳትጽፍ ወጣች። ኃላፊውን ማን ይቆጣጠራታል ብዬ ስጠይቀው «እኛ በስልክ እንከታተላለን» አለኝ። በስልክ ጀርባ አይታይም። ክሊኒክ የሚከፍት ሰው ስለ ክፍሉም፣ ስለ ውኃውም፣ ስለ ባለሙያውም ተጠይቆ ነው ፈቃድ የሚያገኘው። በሽተኛው ቤቱ ሲተኛም ያው በሽተኛ ነው።

ስለ ደኅንነት ስንነጋገር ደግሞ አስታማሚዋን ትቶ ማለፍ አይቻልም። የተኛ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ ከተባለ ሌሊትም ጭምር ነው። ቀኑን ስታጥብ፣ ስታበስል፣ ስታነሣ የዋለች አንዲት ልጅ ሌሊቱን አራት አምስት ጊዜ እየተነሣች ስንት ቀን ትዘልቃለች? ከባድ ሰው ብቻዋን ስታነሣ ወገቧ ቢቀነጠስ ማን ይጠይቃታል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ውስጥ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ፣ ስለ ሥራው ሁኔታ ደንብ ማውጣቱን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ይተወዋል። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ያለውም ይህንኑ ነበር። ቃሉ ከአዋጅ ወደ አዋጅ ሲሻገር አልጋው አጠገብ ያለችው ልጅ እንደቆመች ነው። የደከመ እጅ በሽተኛ ይጥላል። ስለዚህ የዕረፍት ሰዓቷና የሳምንት ፈቃዷ የበሽተኛውም ደኅንነት ጉዳይ ነው።

ቁጥጥር ሲመጣ ዋጋው ይንራል፣ ድሃው ጨርሶ አስታማሚ ያጣል የሚለውን ስጋት አልንቀውም። ግን በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ በየቤቱ ሰው ሲጥል የሆነውን እናስታውስ። በየሰፈሩ ሥልጠና የተሰጣቸው በጎ ፈቃደኞች፣ ብዙዎቹም በየእድራቸው በኩል፣ ጓንትና ሳሙና ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ቁስል ያጥቡ፣ አንሶላ ይቀይሩ ነበር። ሐኪሞች አልነበሩም። መሠረታዊውን ትምህርት ያገኙ ጎረቤቶች ነበሩ። ጤና ሚኒስቴር የአጭር ጊዜ ሥልጠናና ምዘና ቢያዘጋጅ፣ የክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ያለፉትን ቢመዘግብ፣ ሆስፒታልም አልጋ ላይ የሚውል በሽተኛ ሲያሰናብት ቤተሰቡን ለአንድ ሰዓት አስቀምጦ ቢያሳይ ድሃን አያስርብም።

እህቴ በስልክ ያዘዘችን አንድ የተማሪ ደብተር ነበር። በየገጹ ሦስት መስመር ተሰመረ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ጀርባ። ልጅቷ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት፤ ደብተሩን ግን ሰዓት ሳታዛንፍ ሞላችው። ሌሊቱን እኔና እሷ ተካፈልነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያ የሚሞቀው ቦታ በረደ፣ ለሰለሰ።

ባለፈው ሳምንት አባቷ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ አንዲት ጎረቤቴ «እባክሽ የምታውቂውን ሰው ጠቁሚኝ» ብላ መጣች። ደብተሩን ሰጠኋት፤ እንዴት እንደሚሞላም አሳየኋት። ሙያዋ የተመዘነ፣ የሚከታተላት ያላት አስታማሚ የምታገኝበትን ቦታ ግን ልነግራት አልቻልኩም።