ውዳሴ ዘግማሽ ዋጋ

ሰሞኑን ደሴ ላይ፣ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ባሉ ቡና ቤቶች፣ አንዲት ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ሰነበተች። ሁለት ቁጥር ብቻ ተጽፎባታል፤ 1,800 እና 900። ፊተኛው የአንድ አክሲዮን «ቡክ ቫልዩ» ነው፣ ማለትም የኩባንያው ሀብት በመዝገቡ ዋጋ ዕዳው ተቀንሶ ሲካፈል ለአንዱ አክሲዮን የሚደርሰው፣ ኋለኛው የሚሸጥበት ዋጋ። ከሥሯ «በግማሽ ዋጋ! ሳያልቅ ይፍጠኑ» ትላለች። የየትኛው ኩባንያ እንደሆነች ግድ የለም፤ ዘንድሮ ወረቀቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። እናንተም ደርሷችኋል፤ ወይ ከቅሬ ሰብሳቢያችሁ፣ ወይ ከአማቻችሁ።

ንዴቱን ለእናንተ ትቼ እኔ ላመስግን።

ምስጋናዬ ለግማሽ ዋጋ ሊቅ ነው። ይህ ሰው ከሁለት ቁጥር በላይ አያስፈልገውም፤ ሦስተኛ ስታሳዩት ያዛጋል። «ሀብቱ 1,800፣ ዋጋው 900፤ ሌላ ምን ፈለግህ?» ይላል። ጥያቄ ካበዛችሁበት «አብሽር» ብሎ ትከሻችሁን ቸብ ቸብ ያደርጋል። ወሎ ውስጥ አብሽር ከተባለ በኋላ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ያላደገ ነው።

ይኸው ሊቅ ሰኞ ባቲ ወርዶ ፍየል ሲገዛ እዩት። አፏን ፈልቅቆ ጥርሷን ይቆጥራል። ወገቧን ጨብጦ ሥጋ ይሁን አጥንት ይለያል። ጅራቷን ገልቦ ያያል። ሆዷ ነፋ ያለ እንደሆነ ጠዋት ጨው አልሰው ውሃ እንዳጠጧት ይጠረጥርና፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ እስክትሸና ይጠብቃታል። ለአንዲት ፍየል! 200 አክሲዮን በ180,000 ብር ሲገዛ ግን የኩባንያውን አፍ አይከፍትም። የሀብትና ዕዳ መግለጫውን ገልጦ ማየት የባለቤቶቹን ስም መጠርጠር ይመስለዋል። ይህን የመሰለ ጨዋነት የት ይገኛል?

ጥበቡ እንዲያው ከሜዳ የተለቀመ አይደለም፤ አባት አለው። ቤንጃሚን ግራሃም የሚባል አሜሪካዊ፣ የኒውዮርክ ገበያ ተንኮታኩቶ ወለል በነካበት በ1932 እ.ኤ.አ.፣ ከተመረመሩ 600 ያህል የኢንዱስትሪ ኩባንያዎች ከ200 በላይ የሚሆኑት ዕዳቸው ተቀንሶ በእጃቸው ከሚቀረው ፈጥኖ የሚመነዘር ሀብት ባነሰ ዋጋ እንደሚሸጡ ጻፈ። ስሌቱ እንዲህ ነው። ጥሬ ገንዘቡን፣ ተሰብሳቢ ሂሳቡን (ሌሎች ለኩባንያው ያለባቸውን) እና የመጋዘን ዕቃውን ደምር። ከዚህ ላይ ዕዳን በሙሉ፣ የአጭሩንም የረጅሙንም፣ ቀንስ። ሕንፃውንና ማሽኑን ከነአካቴው እርሳው። የቀረውን ለአክሲዮኖቹ ብዛት አካፍል። የዚያን ሁለት ሦስተኛ ወይም ከዚያ በታች ከፍለህ ግዛ። በአንድ ኩባንያ ላይ አትንጠልጠል፤ ሰላሳ ያህል ላይ በትነው፣ ጥቂቱ መሞቱ አይቀርምና።

ሊቃችን ይህን ሁሉ አንብቦ አንዲት ነገር ብቻ አሻሻለ፤ ሁሉንም ተወው።

እስቲ ወረቀቷን በግራሃም ሚዛን እንመዝናት። ኩባንያው 100,000 አክሲዮን አለው እንበል። ጥሬ ገንዘብ 12 ሚሊዮን ብር፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ 60 ሚሊዮን፣ የዕቃ ክምችት 80 ሚሊዮን፣ ሕንፃ፣ ማሽንና የሊዝ መብት 148 ሚሊዮን፤ ድምሩ 300 ሚሊዮን። ዕዳው 120 ሚሊዮን። የተጣራው 180 ሚሊዮን፣ ለአንድ አክሲዮን 1,800 ብር። ወረቀቷ አልዋሸችም፤ ይሄ ነው ደግሞ ውበቷ። አሁን ሕንፃውን እንርሳውና 152 ሚሊዮን ሲቀነስ 120፣ 32 ሚሊዮን ይቀራል፤ ለአንድ አክሲዮን 320 ብር። ሁለት ሦስተኛው 213 ብር ገደማ። ስለዚህ «በግማሽ ዋጋ» የተባለው ግራሃም ሊከፍለው ከሚፈቅደው ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

ሕንፃው ዜሮ መባሉ ግፍ ነው የሚል ካለ፣ ኩባንያው ተዘግቶ ቢሸጥ ምን ይገኛል የሚለውንም ግራሃም በግምት አስቀምጦታል። ጥሬ ገንዘብ ሙሉውን፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ 80 በመቶ፣ ክምችት ሁለት ሦስተኛ፣ ቋሚ ንብረት 15 በመቶ ገደማ። 12 እና 48 እና 53.3 እና 22.2 ሲደመር 135.5 ሚሊዮን። ዕዳው ሲወጣ 15.5 ሚሊዮን፤ ለአንድ አክሲዮን 155 ብር።

ይህ እንግዲህ ዕቃው ዕቃ ከሆነ ነው።

ወደ ኮምቦልቻው መጋዘን እንውረድ። ከ80 ሚሊዮኑ ውስጥ 22 ሚሊዮኑ የቡታጋዝ ክር ነው እንበል። ያቺን የላምባ ምድጃ ክር ታውቋታላችሁ፤ ነጭ፣ ስንዝር የምታህል፣ እናቶቻችን ጫፏን በመቀስ እያስተካከሉ የሚያስገቧት። አንዷ በ4 ብር ተገዝታለች፤ ስለዚህ አምስት ሚሊዮን ተኩል ክር አለ። በካርቶን 5,000 ቢገባ 1,100 ካርቶን። ኦዲተሩ በየዓመቱ ይመጣል፣ ሦስት ካርቶን አስከፍቶ ያስቆጥራል፣ ልክ ሆኖ ያገኘዋል፣ ይፈርማል። አንዲት ክር አልጎደለችም! ንብረት ክፍሉ ታማኝ ነው፤ ለታማኝነቱ የምስክር ወረቀት ሁሉ ተሰጥቶታል። ሌባ እንኳ፣ የዘበኛውን ጫማ የወሰደው ሌባ፣ ክሩን አልነካም። ሌባ የዋጋ ግምት ባለሙያ መሆኑን ማንም ልብ አላለም።

ባለ አሥር ክር ቡታጋዝ ብንወስድ ክሩ 550,000 ምድጃ ይሞላል። ላምባ ከተወደደ ወዲህ ቡታጋዙ ቆጥ ላይ ነው፤ ግን እናውርደው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ፣ ከዚያም ከሚሴ፣ ያለ ቤት ሁሉ አንዳንድ ሙሉ ቅያሪ ገዛ እንበል። አሁንም ይተርፋል። በርዝመት እንየው። አንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ብትሆን ሲቀጣጠል 1,100 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ ዘረጋነው፣ 800። የቀረውን ወደ ሰሜን አዞርነው፤ ወልድያ 120፣ ደርሶ መልስ 240። ስልሳ ቀረ። ኮምቦልቻ፣ ሐረጎን ወርደን ሐረጎን ወጥተን፣ ሃምሳ ያህል ፈጀ። አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ተርፋለች፤ እሷን ለቦርዱ፣ ቃለ ጉባኤ ማሰሪያ ትሁነው። ይህ ሁሉ መንገድ የተገዛበት 4 ብር ዛሬም መዝገቡ ላይ 4 ብር ነው። የሂሳብ አያያዙ ደንብ ክምችት በተገዛበት ወይም ወጪው ተቀንሶ ሊሸጥ በሚችልበት ዋጋ፣ ከሁለቱ ባነሰው ይያዝ ይላል። ግን ዝቅ አድርጎ መጻፍ በዓመቱ ኪሳራ ማሳየት ነው። ኪሳራ ከታየ የሥራ አስኪያጁ ጉርሻ ይቀራል፤ ጉርሻው ከሚቀር ክሩ ቢቀር ይሻላል። ቀረም።

ክሩን ስናወጣ ከ32 ሚሊዮኑ 10 ሚሊዮን ይተርፋል፤ ለአንድ አክሲዮን 100 ብር።

ተሰብሳቢ ሂሳቡ ላይ አልቆይም። ከመግለጫው ኋላ ያሉት ማብራሪያዎች ዕዳው ስንት ቀን እንደቆየ፣ ከተዛማጅ ወገኖች ላይ ያለውም ምን ያህል እንደሆነ ይናገራሉ። ከ60 ሚሊዮኑ 25ቱ ከዓመት በላይ የቆየ፣ ተበዳሪውም የሊቀመንበሩ ወንድም ድርጅት ከሆነ፣ ያ ገንዘብ ተሰብሳቢ ሳይሆን ተሰባስቦ የሄደ ነው። 10 ሲቀነስ 25 ስንት ነው? ሊቃችን 900 ብር ከፍሎ በነፍስ ወከፍ አክሲዮን 150 ብር ጉድለት ገዛ። አክሲዮን ማኅበር በመሆኑ ጉድለቱ ቤቱ ድረስ አይመጣበትም፤ ከኢንቨስትመንቱ ያገኘው የተረጋገጠ ጥቅም ይኼ ነው።

«ሕንፃውስ?» እሺ፣ ሕንፃው። በአሮጌ ዋጋ የተመዘገበ ሕንፃ ዛሬ ከመዝገቡ በላይ ሊያወጣ ይችላል፤ ብሩ ይህን ያህል ወድቆ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከሥሩ ያለው መሬት የኩባንያው አይደለም፤ ያለው የሊዝ መብት ነው፣ ዓመቱ እየተቆጠረ። ሕንፃው ራሱ ደግሞ ባንክ ቤት በመያዣ ተቀምጧል፤ ይህም ማብራሪያው ውስጥ ተጽፏል፣ ማንም በማያየው ገጽ። ተዘግቶ ይሸጥ ቢባል ከባለአክሲዮኑ ፊት ባለመያዣው ባንክ፣ ግብር ሰብሳቢውና ሠራተኛው ተሰልፈዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ድርጅቱ ሲዘጋ ደግሞ የ60 ቀን ጭማሪ ይከፈላል። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የ180 ቀን ደመወዝ ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ወረቀቷ ላይ ግን አልወጣም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽጡት የሚል ማን ነው? ከ100,000 ውስጥ 200 አክሲዮን ያለው ሰው ጉባኤ ላይ እጁን ቢያወጣ ሻይ የፈለገ ነው የሚመስለው። እሱ እጁን እስኪያወርድ ኩባንያው በዓመት 8 ሚሊዮን ከከሰረ ያ 32 ሚሊዮን፣ ክሩም ተቆጥሮ፣ በአራት ዓመት ያልቃል።

የግራሃም ተማሪ የነበረው ባለሀብቱ ዋረን ባፌት እንኳ በታኅሣሥ 1962 እ.ኤ.አ. የበርክሻየር ሃታዌይን አክሲዮን በ7.50 ዶላር ሲገዛ ለአንዱ አክሲዮን 10.25 ዶላር የሥራ ማስኬጃ ካፒታል (ፈጥኖ ከሚመነዘረው ሀብት የአጭር ጊዜ ዕዳ ሲቀነስ የሚተርፈው) ነበረበት፤ እውነተኛ ቅናሽ። ኩባንያውን ሙሉ በሙሉ እያዘዘበት እንኳ የጨርቃ ጨርቅ ሥራውን ማዳን አቅቶት በ1985 እ.ኤ.አ. ዘጋው፤ ግዢውንም ራሱ ስህተት ነበር ብሎታል። ባፌት እንግዲህ አማች አልነበረውም ይሆናል።

በቅንፍ፣ ይህን ስሌት ወደ ባንክ አክሲዮን የሚወስዱ አሉ፤ ለእነሱ የተለየ ምስጋና። ባንክ ከዓመት ትርፉ ሩቡን፣ ካፒታሉን እስኪያክል፣ ወደ ሕጋዊ መጠባበቂያ ያስገባል፤ 1,000 ብር የተጻፈበት አክሲዮን ቡክ ቫልዩው 1,400 ሲሆን ከጭማሪው ብዙው ያ የማይከፋፈል ገንዘብ ነው። ደግሞም 50 ቢሊዮን ሀብትና 5 ቢሊዮን ካፒታል ያለው ባንክ ከሀብቱ አሥር በመቶው ቢበላሽ ካፒታሉ የለም። ባንክ ላይ የሚጠየቀው የብድሩ ጤና ነው። የሚጠየቀው ግን የሕንፃው ፎቅ ብዛት ሆኗል።

ይህ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ደሴ ታውቃለች። የሁለት ዓመት ኮንትራት ፈርማ ሪያድ የገባች ልጅ፣ ሌሊት ተነስታ የሰው ወለል ስትፈገፍግ፣ ሕመሟን ደብቃ «ደህና ነኝ» እያለች የላከችው ነው። ወንድሟ ፊት ወረቀት ዘርግቶ ኮሚሽኑን በልቡ እያሰላ «በግማሽ ዋጋ» የሚላት ሰው ማብራሪያውን አይቶታል። አውቆ ነው ያልሰጠው። ለሕዝብ የሚሸጥ አክሲዮን ተቆጣጣሪው ዘንድ የተመዘገበ ደንበኛ ሳቢ መግለጫ፣ ማለትም የኩባንያውን ሁኔታ ለገዢ የሚዘረዝር ሰነድ፣ እንዲኖረው አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ያስገድዳል፤ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያውም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ከእንግዲህ ሁለት ቁጥር የያዘች ወረቀት አዙሮ መሸጥ አለማወቅ አይደለም። ከልጅቱ ጉልበት ላይ መስረቅ ነው፤ አለቀ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ለጉባኤው አዘጋጆችም ይድረስ፤ የኦዲት ሪፖርቱን በጠዋቱ በር ላይ፣ ከውሃና ከቆሎ ጋር፣ ስለሚያድሉ። ሰባ ገጽ ነው፤ ሰብሳቢው «ጥያቄ ካለ» ብሎ እስኪጨርስ ሽፋኑ ይነበባል። ሊቃችን ያራግብበታል፤ ኮምቦልቻ ይሞቃልና።

ዘንድሮ የትርፍ ድርሻ በጥሬ ገንዘብ የለም። አንድ ብልህ የቦርድ አባል ግን ክምችቱ ይከፋፈል ብሎ ሐሳብ ቢያቀርብ ስሌቱ ቀላል ነው፤ 5,500,000 ለ100,000 ሲካፈል ለአንድ አክሲዮን 55 ክር። 200 አክሲዮን የገዛው ሊቅ 11,000 ክር ይደርሰዋል፤ 1,100 ቡታጋዝ ይሞላል። ምድጃውንና ላምባውን ባለአክሲዮኑ ራሱ ያመጣል፤ የጫኝና አውራጅም ይከፍላል።