ተረቴን መልሱ የማይል ተራኪ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የ12 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። ጅማ እንደ ልማዷ ዝናቧን ታወርደው ነበርና እስኪያባራ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ድንገት «አጎቴ፣ ስፓይደርማን መጨረሻው ምን ይሆናል?» አለኝ። ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ መልስ ግን አልመጣልኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ እጄ የገባውን ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) ሁሉ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ስለ እነዚህ ጀግኖች ሰፈር ውስጥ ክርክር ሲነሳ ልጆች ለዳኝነት የሚመጡት ወደ እኔ ነው። ይህን ጥያቄ ግን መመለስ አልቻልኩም፤ ስፓይደርማን መጨረሻ የለውም።

ስፓይደርማን በ1962 ሲወለድ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጭምብሉን ያጠለቀው ፒተር ፓርከር የ15 ዓመት ተማሪ ነበር። በስሙ የሚታተመው ዋናው መጽሔት በ2022 የ900ኛ እትሙን በዓል አክብሯል፤ ፒተር ግን አሁንም ጎልማሳነት ደጃፍ ላይ ቆሟል። በ1938 የጀመረው ሱፐርማን የተወለደበት መጽሔት 1000ኛ እትሙን በ2018 አወጣ። ባትማንም ከአንድ ዓመት በኋላ በተራው እዚያው ደረሰ። የመጀመሪያውን ሱፐርማን በልጅነታቸው የገዙት አንባቢዎች አርጅተው አልፈዋል። እሱ አንድ ሽበት እንኳ አላበቀለም።

እነዚህ ታሪኮች ማለቅ አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ገበያ አጥተው፣ ሰው ሰልችቷቸው፣ በዝምታ ይቋረጡ ማለቴ አይደለም። ጸሐፊያቸው አስቦበት፣ አንባቢውን ፊት ለፊት እያየ «እዚህ ላይ አበቃሁ» ይበል ማለቴ ነው።

አያቴ ተረት ሲነግሩን «ተረት ተረት» ይሉ ነበር፤ «የላም በረት» እንላለን። ጦጣዋ ነብሩን ታሞኘዋለች፣ ጅቡ ገደል ይገባል፣ በመጨረሻም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ጅቡ ከገደሉ ወጣ ወይስ አልወጣም ብሎ መጨቅጨቅ አይቻልም፤ ተረቱ ተመልሷል። በማግስቱ ማታ ግን ያንኑ ተረት ድገሙልን ብንላቸው እምቢ አይሉም ነበር። ጦጣዋ ትንሽ ብልህ ሆና፣ ገደሉ ትንሽ ጠልቆ ይመጣል። ትናንት አልቆ ስለነበር ዛሬ ከመጀመሪያው ሊነገር ይችላል። ታላላቆቹ አሳታሚዎች ማርቭልና ዲሲ ግን ለአሥርት ዓመታት «ተረት ተረት» እያሉን፣ ተረታቸውን መልሱልን ሳይሉ እስከ ዛሬ አሉ።

የዚህ ነገር ጉዳት የገባኝ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ካነበብኩት አንድ እትም የተነሳ ነው። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ከውጭ በስጦታ የተላከ የመጻሕፍት ካርቶን ደርሶት ነበር። ከሒሳብ መጻሕፍቱ ሥር ሽፋኑ የተገነጠለ ኮሚክ አገኘሁ፤ በ1992 መገባደጃ የወጣው፣ ሱፐርማን የሚሞትበት እትም ነበር። ያኔ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነበር፤ ሥዕሉ ግን አስተርጓሚ አያሻውም። በዚያ እትም እያንዳንዱ ገጽ አንድ ትልቅ ሥዕል ብቻ ነው። ሱፐርማንና ዱምስዴይ የተባለው ጭራቅ ከተማ መሀል እየተደባደቡ ሁለቱም ይወድቃሉ። እጮኛው ሎይስ ሌን ታቅፈዋለች። የተቀደደው ቀይ ካባው ከፍርስራሹ መሀል እንደ ባንዲራ ተሰቅሎ ይውለበለባል። እስኪደወል ድረስ ከመደርደሪያው ጀርባ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከአዌቱ ወንዝ ማዶ እስካለው ቤታችን ስሄድ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢንተርኔት ሳገኝ መጀመሪያ ከፈለግኋቸው ነገሮች አንዱ «ከሱፐርማን ሞት በኋላ ምን ሆነ?» የሚል ነበር። በ1993 ተመልሶ ነበር። ሙት ዓመቱ እንኳ አልደረሰም። እኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተደብቄ ሳለቅስለት እሱ ከተነሳ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ታዲያ መመለሱ ደስ አይልም?» ይሉኛል። አይልም። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። የተለቀሰለት ሰው በወሩ በር አንኳኩቶ ቢገባና ነገሩ ሁሉ ሰው ለመሰብሰብ የተደረገ መሆኑ ቢታወቅ፣ ለቀስተኛው አንዴ ይደነግጥ ይሆናል። ሁለተኛ ጥሪ ሲመጣ ግን ከቤቱ አይወጣም። እኔም እንደዚያው ሆንኩ። በ2007 ካፒቴን አሜሪካ በጥይት ተመቶ ሲሞት ገጹን የገለጥኩት በደረቅ ዓይን ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለስም አልገረመኝም። ሞት ዋጋ ባጣበት ታሪክ ውስጥ ጀግንነትም ዋጋ ያጣል። ራሱን ለእሳት የሚሰጥ ሰው የሚከበረው እሳቱ ስለሚያቃጥለው ነውና።

ከሞቱ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን የፒተር ፓርከር ትዳር ነው። በ1987 ሜሪ ጄንን አገባ። 20 ዓመት ያህል አንባቢው ኑሯቸውን ተከተለ፦ የቤት ኪራይ ሲያስጨንቃቸው፣ እሷ እሱን እየጠበቀች ስታመሽ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ። ለእኔ ከጠላቶቹ ሁሉ ጋር ካደረገው ፍልሚያ ይልቅ የሚበልጠው ይህ ነበር፤ ልጁ ሰው ሲሆን አይቻለሁና። አዘጋጆቹ ግን ያገባ ፒተርን አልፈለጉትም፤ ወጣትና ላጤ ሆኖ እንዲቀጥልላቸው ፈለጉ። በ2007 መጨረሻ አክስቱ ሜይ በጥይት ተመትታ ሞት አፋፍ ላይ ስትደርስ፣ ሜፊስቶ የተባለ ሰይጣን ለፒተርና ለሜሪ ጄን ውል አቀረበላቸው፦ አክስትየው ትድናለች፤ በምትኩ ትዳራቸው ጭራሽ እንዳልነበረ ይሆናል። ተስማሙ። በማግስቱ ፒተር ያላገባ ሆኖ ነቃ። ሃያ ዓመት አብረን የኖርነው ኑሮ በአንድ ሌሊት ተፋቀ። ይህን ያመጣው ደግሞ ታሪኩ ማለቅ የለበትም የሚለው ሕግ ነው። የማያልቅ ታሪክ ወደፊት ሊሄድ አይችልም። አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር ወደ እርጅና ይጠጋልና፣ ወደኋላ መጎተት አለበት።

ለምን አይጨርሱትም? መልሱ ከባለቤትነት ነው የሚጀምረው። ሱፐርማንን የፈጠሩት ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች፣ ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር፣ መብቱን በ1938 በ130 ዶላር ሸጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱፐርማን ጸሐፊ ሁሉ ተከራይ ነው። ተከራይ ግድግዳ ቀለም ይቀባል፣ መጋረጃ ይቀይራል፤ ግድግዳውን ግን አያፈርስም። ሲወጣም ቤቱን እንደተረከበው ያስረክባል። የራሳቸው ቤት ያላቸው ጸሐፊዎች የሚያደርጉት ሌላ ነው። ቤልጂጋዊው የኮሚክ ደራሲ ኤርዤ እሱ ካለፈ በኋላ ማንም የፈጠረውን ወጣት ጋዜጠኛ የቲንቲንን ጀብዱ እንዳይቀጥል ፈቃዱን ተናገረ፤ በ1983 ሲሞት በጅምር የነበረው መጽሐፍ በረቂቁ ቀረ። ቲንቲን በዚህ ምክንያት አልተረሳም፤ ዛሬም ይታተማል፣ ዛሬም ልጆች ያነቡታል። ሮበርት ከርክማንም ኢንቪንሲብል የተባለውን የጀግና ኮሚኩን በ2003 ጀምሮ በ2018፣ በ144ኛው እትም ላይ በፈቃዱ ቋጨው። ጀግናው በመጀመሪያው ገጽ ላይ የነበረውን ልጅ ሆኖ አልጨረሰም። አድጎ፣ ወልዶ፣ ቆስሎ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የጨረሰው።

ከባለቤትነቱ በታች ደግሞ ፍርሃት አለ፤ እሱን የማውቀው ከቡና ማሳ ነው። አባቴ በማና ወረዳ ያረጀ ቡና ነበራቸው። ዛፉ ረዝሟል፣ ቅርንጫፉ ተወሳስቧል፣ ፍሬው በየዓመቱ እየሳሳ መጥቷል። የግብርና ባለሙያው «ይጎንደል» ሲሏቸው አባቴ ለሳምንታት እንቅልፍ አጡ። ጉንደላ ማለት ግንዱን ከጉልበት በታች፣ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ ነው። ሥሩ ይቀራል። ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ይወጣል፤ ከእነሱ ሁለት ወይም ሦስቱ ተመርጠው ሌላው ይለቀማል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል የሚለቀም ፍሬ አለመኖሩ ነው። አባቴን ያስጨነቃቸው ዛፉ መሞቱ አልነበረም፤ እነዚያ ሁለት ባዶ ዓመታት ነበሩ። በመጨረሻ ጎነደሉት። ሁለቱን ዓመት በበቆሎና በጥቂት ቀፎ ማር ገፋናቸው። በሦስተኛው ዓመት ያ ማሳ ያሳየንን ፍሬ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ኩባንያዎቹም የሚፈሩት ባዶውን ዓመት ነው። «እኛ እኮ እንደ አዲስ እንጀምራለን» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ዲሲ በ1985 እና በ1986 ታሪኮቹ የሚፈጸሙባቸውን ብዙ ዓለማት በአንድ ታላቅ ጥፋት አፍርሶ ሱፐርማንን እንደገና ጀመረ። በ2011 ደግሞ 52 መጽሔቶችን ከቁጥር አንድ አስጀመረ፤ በዚያም የሱፐርማንና የሎይስ ትዳር ተሰረዘ። ይህ ግን ጉንደላ አይደለም። ዛፉን ቆርጠው፣ ገበያው ሲያጉረመርም የተቆረጠውን ቅርንጫፍ በገመድ መልሰው ጉቶው ላይ አሰሩት፤ በ2016 ያገባው ሱፐርማን ተመለሰ። እንዲህ ከታሰረ ቅርንጫፍ ፍሬ አይለቀምም። የሚገርመው በትክክል መጨረስን ያውቁበታል። በ1986፣ አዲሱ ሱፐርማን ከመጀመሩ በፊት፣ ለአሮጌው የሁለት ክፍል ስንብት አስጽፈውለት ነበር። ከዋናው ታሪክ ውጭ የሆነ ምናባዊ ታሪክ ነው ተብሎ ወጣ፤ አንባቢዎች ግን እስከ ዛሬ ከምርጥ የሱፐርማን ታሪኮች አንዱ አድርገው ያነሱታል። ሰው መጨረሻን የተጠማ መሆኑን ከዚህ በላይ ምን ሊያሳያቸው ነበር?

አንድ ጊዜ በተገቢው መንገድ ሊያደርጉት ተቃርበው ነበር። ፍላሽ የተባለው ፈጣን ጀግና በ1940 ጄይ ጋሪክ የተባለ ሰው ነበር፤ በ1956 ባሪ አለን ሆነ። ባሪ በዚያ በ1985ቱ ጥፋት ዓለምን አድኖ ሞተ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ረዳቱ የነበረው ዋሊ ዌስት በ1986 ልብሱን ለበሰ። መጀመሪያ የመምህሩ ጥላ ከበደው፣ ከዚያ ለመደው፣ በኋላም በለጠው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በገዳ ሥርዓት አባ ገዳው 8 ዓመቱን ሲጨርስ የሥልጣን በትሩን፣ ቦኩውን፣ ለቀጣዩ ያስረክባል። ሰውየው ያበቃል፣ ሥርዓቱ ይቀጥላል። (በእኛ በጊቤ አካባቢ ንጉሣውያን ተነሥተው የገዳን ሥልጣን እንደወሰዱ ጅሬን ላይ የቆመው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ምስክር ነው፤ ማስረከብ እዚህም ቀላል ሆኖ አያውቅም።) ዋሊ ከ20 ዓመት በላይ ከሮጠ በኋላ በ2008 ባሪን ከሞት አስነሡትና ዋናውን ቦታ መለሱለት። በዋሊ ያደገ አንድ ትውልድ አንባቢ የእሱ ጀግና ቦታ ጠባቂ ብቻ እንደነበረ ተነገረው። ቦኩን አስረክቦ ከሄደ በኋላ ተመልሶ የሚነጥቅ ሰው ምን ይባላል?

ከተቃራኒው ወገን የሚነሳውን አልንቀውም። ዛሬ ማንበብ የሚጀምር ልጅ የራሱ ስፓይደርማን ያስፈልገዋል ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን የእህቴ ልጅ ያጣው ይህንኑ ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ ከተከመረ ታሪክ ፊት ቆሞ የት እንደሚገባ አያውቅም። ከአሥር እትም በኋላ የሚዘጋ ታሪክ ቢሰጠው፣ ከዚያም ሌላ ተራኪ ያንኑ ታሪክ በራሱ መንገድ ከመጀመሪያው ቢነግረው፣ በሩ ይሰፋለታል እንጂ አይጠብበትም። በዚህ የሚተዳደሩ ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎችስ? ሥራቸው እንዲቋረጥ አልመኝም። ተከራይነታቸው እንዲያበቃ ግን እመኛለሁ።

ደግሞም ጊዜው እየቀረበ ነው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት የ1938ቱ ሱፐርማን የቅጂ መብት በ2033 መጨረሻ ያበቃል፤ ከጥር 1 ቀን 2034 ጀምሮ ያንን የመጀመሪያውን ሱፐርማን ማንም ሰው ሊጽፈው ይችላል። ያን ጊዜ ጅማ ውስጥ እርሳስ የያዘ ልጅም መጨረሻውን ሊሥልለት ይችላል። ባለቤቶቹ ክብር ያለው ፍጻሜ ሊሰጡት ከፈለጉ ጥቂት ዓመታት ናቸው የቀሯቸው።

ወደ በረንዳው ልመለስ። የእህቴ ልጅ መልሴን እየጠበቀ ነበር። ማርቭል በ2000 ከዋናው ዓለም ለይቶ የጀመረው ሌላ የስፓይደርማን ታሪክ ነበረ፤ እሱን ነገርኩት። በዚያ ታሪክ ፒተር ገና ልጅ እያለ፣ በ2011 በወጣ እትም፣ በገዛ ቤቱ ደጃፍ ከጠላቱ ከግሪን ጎብሊን ጋር ተዋግቶ ይወድቃል። አጎቱን ቤንን ማዳን አልቻለም ነበር፤ አክስቱን ሜይን ግን አዳናት፤ ይህንኑ እየነገራት ዓይኖቹን ይጨፍናል። ልጁ ዝናቡን እያየ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«በቃ ሞተ?»

«አዎ፣ ሞተ።»

«ከዚያስ ልብሱን ማን ለበሰው?»

«ማይልስ ሞራሌስ የሚባል፣ አንተን የሚያህል ልጅ» አልኩት። «ተረቴን መልስ፣ አፌን በዳቦ አብስ።»

ያንን ፒተርንም በ2014 ከሞት መልሰው አምጥተውታል። ይህን ግን አልነገርኩትም።