ለወላጆቻችን የምንይዘው ጠበቃ የማን ጠበቃ ነው?

ብዙ ቤተሰብ ጠበቃ መፈለግ የሚጀምረው ከአርባው በኋላ ነው። ኑዛዜው ይወጣል፣ ልጆች ለሁለት ይከፈላሉ፣ ከዚያ ስልክ ይደወላል። ጠበቃው ግን ያስፈልግ የነበረው አባት በሕይወት እያሉ ነው።

በሰፈራችን የሆነውን ልንገራችሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄደው በአንድ ወረቀት አንድ ኑዛዜ አጻፉ። ያፈራነው በጋራ ነው፣ ኑዛዜውም የጋራ ይሁን ብለው ነው። ሰውየው እንደተነገረው ጻፈ፣ ሒሳቡን ተቀበለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ የሚያደርጉትን ኑዛዜ አይቀበልም። ባል ለብቻ፣ ሚስት ለብቻ መጻፍ ነበረባቸው። ሕግ የሚያውቅ ሰው አንዴ ቢያየው እዚያው ይስተካከል ነበር። እናትየው ካረፉ በኋላ ግን ምን ይደረጋል? ዛሬ እህትና ወንድም በፍርድ ቤት ኮሪደር እየተላለፉ ሰላም አይባባሉም።

እንዲህ ያለው ወጥመድ ብዙ ነው። በሕጉ አንቀጽ 881 መሠረት ግልጽ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡም በራሱ በኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስትጎድል ስንት ቤት ታመሰ! አንዱን ልጅ ዝም ብሎ አለመጥቀስም ከውርስ አይነቅለውም፤ በግልጽ ተነግሮ ምክንያቱ መጻፍ አለበት። ጎረቤት ሰምቶልኛል የሚባለው የቃል ኑዛዜ ደግሞ ተናዛዡ ከሦስት ወር በላይ ከቆዩ ይፈርሳል።

ከኑዛዜ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ውክልና ነው። ብዙ እናቶች ባንክ ብር ለማውጣት ብቻ መስሏቸው ይፈርማሉ። ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ እንጂ ቤት ለመሸጥ አያበቃም። ስለዚህ ቤቱን የሚፈልግ ሰው የመሸጥ ሥልጣን የሚሰጥ ቃል በወረቀቱ ውስጥ ያስገባል። እማማ ደግሞ መነጽራቸውን ረስተው መጥተዋል።

እዚህ ላይ ነው የጠበቃው ማንነት የሚለየው። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ብር የሚልከው ልጅ ጠበቃ ይቀጥራል፣ ከጠበቃው ጋር የሚነጋገረውም እሱ ነው። አባባ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። ልጁ ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ አብዛኛው የለውምም። ጠበቃው ግን የከፋዩን ፊት ማየቱ አይቀርም። ደንበኛው አረጋዊው ናቸው፤ ከፋዩ ሌላ ቢሆንም። ጥሩ ጠበቃ ልጆቹን በትሕትና ያስወጣና አባባን ብቻቸውን ያነጋግራል። የሚፈልጉትን በራሳቸው አፍ እስኪነግሩት ይጠብቃል። በዚህ የሚቆጣ ልጅ ካለ፣ ለጠበቃው ትልቅ ምልክት ነው። ብቻቸውን ሳያነጋግር ሰነድ የሚያዘጋጅ ጠበቃ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ጠበቃውን የጥብቅና ፈቃዱን መጠየቅ ነውር አይደለም። የፌዴራል ጠበቆችን ፈቃድ የሚመለከተው ሕግ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን እዩ። የፌዴራል ፈቃድ የክልል ፍርድ ቤት አያስገባም፤ ቤቱ ባሕር ዳር ከሆነ በክልሉ ፈቃድ ያለው ሰው ያስፈልጋል። በወንጀል ችሎት ስሙ የገነነ ሁሉ የውርስ ጉዳይ ያውቃል ማለትም አይደለም፤ በቅርቡ የያዘው የውርስ ጉዳይ እንዳለ ጠይቁት። ክፍያው በጽሑፍ ይሁን። ፍርድ ቤት በር ላይ «ሰው አለኝ» የሚለውን ጉዳይ ገዳይ እለፉት።

አቅም የሌላቸውም ቢሆኑ መንገድ አላቸው። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለእናቶቻችን በነፃ ይቆማል። የሰነዶች ማረጋገጫ ደግሞ መንቀሳቀስ ለማይችሉ ከቢሮ ውጭ አገልግሎት ይሰጣል፤ ታመው የተኙ እናትን በታክሲ ጭኖ ወረፋ ማስያዝ አያስፈልግም።

ጠበቆችንም አንድ ነገር ልለምን። ብዙዎቻችሁ ቢሮአችሁ ሊፍት በሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰማንያ ያለፋቸው ሰው ያንን ደረጃ አይወጡትም። ቤታቸው ድረስ ሂዱላቸው፤ ሰነዱን ጮክ ብላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡላቸው። ካልገባቸው ድገሙላቸው።