የኪትስ መኸር ሐዘን ብቻ አይደለም

ስለ መኸርና ስለ ሮማንቲክ ገጣሚዎች (ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ለተፈጥሮና ለስሜት ትልቅ ቦታ ስለሰጡት ገጣሚዎች) ያወጡትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን «ለሮማንቲክ ገጣሚዎች መኸር የእርጅናና የሞት ምልክት ነው» የሚለው አልተዋጠልኝም። ቢያንስ እንግሊዛዊውን ገጣሚ ጆን ኪትስን አይመለከትም።

ኪትስ «ለመኸር» የሚለውን ግጥም የጻፈው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1819 ነው፤ በእንግሊዟ ከተማ ዊንቸስተር አካባቢ በእግሩ ሲንሸራሸር የታጨደ ማሳ አይቶ። ገና 23 ዓመቱ ነበር። ወንድሙን ቶምን የሳንባ ነቀርሳ ከነጠቀው ዓመት እንኳ አልሞላም። ሙሾ ቢያወርድ ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን ፍሬ የከበደው የፖም ዛፍ ያሳየናል። ሙቀቱ የማያልቅ የመሰላቸው ንቦችም አሉ። ከዚያ መኸር ራሷ ሰው ሆና ትመጣለች። ጎተራው ወለል ላይ ዘና ብላ ተቀምጣ ነፋሱ ፀጉሯን ያነሳዋል። ደግሞ ታጭዶ ባላለቀ ትልም ላይ እንቅልፍ ጥሏታል፤ ማጭዷ ቀጣዩን እህል ሳይነካ ቀርቷል። እንዴት ደስ ይላል! የፀደይ ዜማ የት ገባ ብሎ ይጠይቅና፣ እሱን ተይው፣ አንቺም የራስሽ ዜማ አለሽ ይላታል።

ሞት የለበትም ማለቴ አይደለም። መጨረሻው ላይ ትንኞቹ ያለቅሳሉ፤ ወፎቹም ለመሄድ ሰማይ ላይ ይሰባሰባሉ።

ሌላው እንግሊዛዊ ሮማንቲክ ገጣሚ ሸሊ በዚያው ዓመት ጣሊያን ውስጥ ፍሎረንስ አካባቢ ሆኖ ስለ ምዕራብ ነፋስ ሲጽፍ፣ ነፋሱ የደረቀውን ቅጠል ያባርራል፣ ዘሩንም መሬት ያስገባል። ተስፋው ያለው በመጪው ፀደይ ነው። ኪትስ ግን ወደ የትም አይሻገርም፤ እዚያው መኸሩ ውስጥ ይቆያል። ለእኔ የሚከብደው ይሄኛው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።